«ዕድሜ ነው» አሉኝ

ቴሌቪዥን ተከፍቶ ሲያናግሯት «ምን አልክ?» እያለች ሦስት ጊዜ የምታስደግም እናት ቤታችሁ ካለች፣ ወይም የጣደችውን ረስታ በረንዳ ላይ ፈዛ የምታገኟት አክስት ካለቻችሁ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። «አረጀች» ብላችሁ ከመተዋችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በእኔ ላይ የደረሰው መድረስ ያልነበረበት ነገር ነው።

በለጡ እባላለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አቃቂ በሚገኝ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሥራዬ ጨርቅ መመርመር ነበር። ለማያውቀው እንዲህ ነው፦ ከሥሩ መብራት በበራበት መስታወት ላይ ጨርቁ እየተጎተተ ያልፋል፣ መርማሪዋ ቆማ ታያለች። የተበጠሰ ክር፣ የዘይት ጠብታ ወይም የሳሳ ቦታ ካየች ማሽኑን በእግሯ ታቆምና ምልክት ታደርጋለች። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሥራዋ ማየት ብቻ ነው። ከጎኗ የሽመና ማሽኖቹ ይጮኻሉ፣ ሴቶቹ ለመሰማማት ከማሽኑ በላይ ይጮኻሉ፣ ጋሪ ይመጣል፣ ጋሪ ይሄዳል።

በሃያ ሁለት ዓመቴ ስቀጠር መጥፎ መርማሪ ነበርኩ። ዓይኔ የጭልፊት ነበር፤ ልቤ ግን ጨርቁ ላይ አይቀመጥም። ስለ ቅዳሜ አስባለሁ፣ ልገዛው ስለተመኘሁት ጫማ አስባለሁ፣ በር ላይ ስለሚጠብቀኝ ሰው አስባለሁ። የፈረቃ ኃላፊያችን ከኋላዬ መጥተው «አንቺ ልጅ፣ አሁን ያለፈው ምን ነበር?» ሲሉኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። ሥራው የገባኝ ልጅ ወልጄ፣ አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ዓይኔ ትንሽ ደክሟል፣ እጄም እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ ልቤ ግን ካስቀመጥኩት ቦታ አይነሳም። አንድ ቀን ከኋላዬ ጋሪ ተገልብጦ ሰው ሁሉ ሲሯሯጥ እኔ ዞር ሳልል ጥቅልሉን ጨርሻለሁ። ጋሪ መገልበጡን የሰማሁት ምሳ ላይ ሲያወሩ ነው። አዲስ የሚቀጠሩ ሴቶች ሥራ ለመልመድ እኔ ጋ ይላኩ የነበረው በዚያ ዘመን ነው።

ሃምሳን ስሻገር ትንሽ ለውጥ አየሁ። ድሮ የማልሰማው ወሬ ጆሮዬ ይገባ ጀመር። ሰዎች አጠገቤ ቆመው ሲያወሩ ዓይኔ ጨርቁ ላይ፣ ጆሮዬ እነሱ ጋ ይሆናል። አልደነገጥኩም። «ሂዱልኝ፣ እዚያ አውሩ» እላለሁ፣ የማሽኑን ፍጥነት ትንሽ እቀንሳለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። ይህ ዕድሜ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንም አልለየልኝም እንጂ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴ ከታደሰና ከልጃችን ከሰብለ ጋር ነው። ታደሰ ጡረታ የወጣ የማረሚያ ቤት ፖሊስ ነው። ስኳር አለበት፤ ስኳሩ ዓይኑን ስለነካው ኢንሱሊኑን ራሱ መለካት አይችልም። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት የምወጋው እኔ ነበርኩ። ሰብለ መሀል ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች።

ሕመሜ የጀመረው በሽንት ነው። ማፈሪያ ነው፤ ግን ካልጻፍኩት ነገሩ አይገባችሁም። ሽንቴ ቶሎ ቶሎ ይመጣብኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኜ መንገዱ ተዘጋጋ፤ መቋቋም አቃተኝ፣ እዚያው ተቀምጬ አመለጠኝ። አጠገቤ የነበረችው ሴት ቀሚሷን ሰብስባ ተነሳችና ቀሪውን መንገድ ሁሉ ጎንበስ ብላ ቆማ ሄደች። በማግስቱ ሰፈራችን ካለ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ፊኛ የሚያረጋጋ ነው ተብሎ አንድ እንክብል ታዘዘልኝ። ሠራልኝ። እንደ ሰው ታክሲ መያዝ ጀመርኩ።

ከዚያ አፌ ይደርቅ ጀመር። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። የውሃ ላስቲክ ይዤ መሄድ ለመድኩ። ውሃ ስጠጣ ደግሞ ሽንቱ ተመለሰ። ክሊኒኩ «መጠኑን እንጨምርልሽ» አለና ጨመረልኝ። በዚያው ወር የጥጥ ብናኙ አስነጠሰኝ፣ አፍንጫዬ አልቆም አለ። መድኃኒት ቤት የአለርጂ ነው ብለው ሌላ እንክብል ሸጡልኝ፤ «በየቀኑ ብትወስጂው ችግር የለውም» አሉኝ። እኔም በየቀኑ ወሰድኩት።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነጭ የአንሶላ ጨርቅ ላይ ቆሜ ነበር። ኃላፊው መጥቶ ማሽኑን በራሱ እግር አቆመና ጥቅልሉን ወደኋላ ፈታው። መዳፍ የሚያህል የዘይት ነጠብጣብ በየሜትሩ ተደርድሮ አልፏል። ዓይኔ ክፍት ነበር። አይቼዋለሁም፣ አላየሁትምም። እንዴት ልበላችሁ፤ ሁሉም ነገር እኩል ይገባ ነበር። የማሽኑ ጩኸት፣ የሴቶቹ ሳቅ፣ የመብራቱ ጢዝ ማለት፣ የጫማዬ መጥበብ፣ የዘይቱ ጠብታ፤ ሁሉም እኩል ስለሆነ አንዱንም መያዝ አልቻልኩም።

«እትዬ በለጡ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ዓይኔ ይሆናል» አልኩት።

መነጽር አሠራሁ። ጠብታውን አጥርቼ እያየሁ አሳለፍኩት።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያየኝ ሰው ካርዴ ላይ ዕድሜዬን አየና ብዕሩን አስቀመጠ። «ሃምሳ ሰባት ነሽ። ዕድሜ ነው። ሁላችንም ጋ ይመጣል» አለኝ። ቀጥሎ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያለው ሐኪም ትንሽ ጠየቀኝ፤ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ፣ እንደምፈራ ነገርኩት። እውነት ነው፣ እፈራ ነበር፤ መሽቶ ሁሉም ሲተኛ አልጋዬ ላይ ሆኜ የልጄን የትውልድ ቀን፣ የእናቴን ስም፣ የቤታችንን ቁጥር ለራሴ እጠይቃለሁ። «ጭንቀት ነው» አለና ማታ የሚዋጥ ሦስተኛ እንክብል ጻፈልኝ። ሌላ የምወስደው መድኃኒት እንዳለ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። የሽንት ኪኒንና የአፍንጫ ኪኒን ከጭንቅላት ጋር ምን አገናኘው?

ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር የተቀደደ ነው። ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው።

ከመመርመሪያው ጠረጴዛ አነሱኝና መጥረጊያ ሰጡኝ። ከማሽኖቹ ሥር የሚረግፈውን ብናኝ እጠርግ ጀመር። በቦታዬ የተተካችው ምንትዋብ ናት። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ነፍሰ ጡር ሆና ስታስመልስ ጥቅልሏን ከእኔ ጋር ደርቤ የጨረስኩላት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጠራችኝ። መስታወቱ ላይ መሀሉ የተቀደደ ጨርቅ ዘርግታ «እትዬ በለጡ፣ እስኪ እዪልኝ፣ እዚህ ላይ ችግር አለ?» አለችኝ። ከኋላዋ ሦስት ሴቶች አፋቸውን ይዘዋል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አንዷ ሳል አለች፣ ወደሷ ዞርኩ። ጋሪ አለፈ፣ ወደ ጋሪው ዞርኩ። ተመልሼ ጨርቁን አየሁና «ደህና ነው» አልኩ። እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር። ሳቃቸው ከማሽኑ ጩኸት በላይ ተሰማኝ።

ሰብለ ቁጠባዋን አውጥታ ጭንቅላቴን ሲቲ ስካን አስነሳችኝ። ምንም የለም ተባለ። ውጤቱን ያነበበው ሐኪም «ፎቶው ንጹሕ ነው፤ ግን የመርሳት በሽታ ሲጀምር በፎቶ ላይታይ ይችላል። ልትዘጋጁ ይገባል» አለ። የተናገረው ለሰብለ ነው። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ ውስጥ የሌለሁ ሰው ሆንኩ። የባንክ ደብተሬ ሰብለ ቦርሳ ውስጥ ገባ። የምድጃው ማብሪያ ላይ ፕላስተር ተለጠፈ። የታደሰ እህት መጥታ «መንፈስ ነው» አለችና ሁለት ሳምንት ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉ ልቤን አረጋጋልኝ፤ ግን ጠዋት ተጠምቄ ማታ ሦስቱን እንክብል እውጥ ነበር። አንድ እሑድ ሰብለ ሶፋው ላይ፣ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ተቀምጣ ለዚያችው አክስቷ ትደውላለች።

«እዚሁ ናት። አትሰማም፣ ችግር የለም... አይ፣ አክስቴ፣ እኔ እኮ ሠላሳ ልሞላ ነው። አባቴን ላስታምም እሷን? አንዳንዴ ቶሎ ቢያልቅ እላለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ሰምቻለሁ። ሰው የማያውቀው ይህንን ነው፤ ልቡ የማይጸና ሰው የሚሰማ አይመስለውም። እኔ እንዲያውም ሁሉንም ነበር የምሰማው። ጨብጬ መልስ የምሰጥበት ጊዜ ነው ያጣሁት። አፌን ስከፍት ጎረቤት በር ዘጋ፣ የምለው ጠፋ።

የመርፌውን ሥራ ግን አልወሰዱብኝም። ሰብለ መርፌ ትፈራ ነበር። ታደሰም «እሷው ትውጋኝ፣ እጇ ቀላል ነው» ይል ነበር።

አንድ ረቡዕ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቴሌቪዥኑ ዜና ያወራል። ሰብለ ገና ከሥራ ገብታ ጫማዋን ታወልቃለች። ኢንሱሊኑን ለካሁ፣ ታደሰን ሆዱ ላይ ወጋሁት፣ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መውጋቴን ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያው ቅጽበት ከኮሪደር «ውሃ መጣች! ውሃ መጣች!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ውሃ ከጠፋች አራተኛ ቀኗ ስለነበር ሮጬ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ጄሪካኖቹን ደረደርኩ። ስመለስ ብልቃጡና መርፌው ጠረጴዛው ላይ ናቸው፤ ታደሰ ሶፋው ላይ ነው፤ ሰብለ ደክሟት ክፍሏ ገብታ ተኝታለች። መርፌውን ሞላሁ።

«ወግተሽኛል እኮ» አለ ታደሰ።

«አልወጋሁህም። ልወጋህ ስል ውሃው መጥቶ ነው ያቋረጥኩት።»

«በለጡ፣ የወጋሽኝ ይመስለኛል።»

«የትናንቱን ነው የምታስበው» አልኩት።

ከዚያ ሸሚዙን ገለጠልኝ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ያመነኝ የመጨረሻው ጊዜ እሱ ነው።

እራት ብዙ አልበላም። ሁለት ሰዓት ሲሆን ግንባሩ በላብ ራሰ፣ የማይገናኝ ነገር መናገር ጀመረ። የሰዎች ስም እየጠራ «አቤት በል! አቤት በል!» ይላል። እኔ አጠገቡ ሆኜ ዜናው ካለቀ በኋላ የተከፈተውን ድራማ አያለሁ። ተነስቶ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ አየሁት። ግድግዳውን ሲደግፍ አየሁት። የሽንት ቤቱ ደፍ ላይ ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ፣ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ነበር።

ጎረቤቶች መጡ። ታች የሚኖሩት እትዬ አስካለ ስኳር በጣታቸው ድዱ ላይ አሹለት። ወንዶቹ በብርድ ልብስ ይዘው ሦስቱን ፎቅ አወረዱት፤ በየመታጠፊያው ዳሌው ሲነካ ራሱን ሳያውቅ ይጮኻል። ጤና ጣቢያ ግሉኮስ ሲገባለት ነቃ። ነርሷ «ኢንሱሊን ስንት ወሰደ?» ብላ ስትጠይቅ ሰብለ እኔን አየችኝ። እኔ የነርሷን ጓንት ነበር የማየው። ሰብለ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

«እማዬ! ሁለቴ ነው የወጋሽው? ንገሪኝ! ሁለቴ ነው?»

«ውሃ መጥታ ነበር» አልኳት።

ዳሌው ተሰብሯል። ሆስፒታል ተኝቶ ብረት ገባለት። ስኳር ስላለበት ቁስሉ ለወራት አልጠግግ አለ። ዛሬም በክራንች ከአልጋው እስከ በረንዳው ነው፤ ከተመለሰ ጀምሮ ደረጃውን አልወረደም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው እንግዲህ። የሚያውቃቸው ሰዎች ሲመጡ በረንዳው ላይ ሆኖ ወደ ታች ያናግራቸዋል።

ከሆስፒታል በመጣ በሁለተኛው ቀን አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ይቅርታ ልለው ነበር። ሳልጀምር እሱ ተናገረ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ሠላሳ ዓመት ሰው ስቆጥር ኖሬያለሁ። በዝናብም በፀሐይም፣ ጠዋትም ማታም። አንድ ቀን አንድ ሰው አልተሳሳትኩም። አንቺ አንድ መርፌ መቁጠር አቃተሽ።»

ፋብሪካው ዘንድ ነገሩ ደረሰ። በሕመም እንድሰናበት ተወሰነ፤ ለዚያ የሐኪም ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሰብለ ፈቃድ ወስዳ አንድ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ወሰደችኝ። የሄድነው ለመታከም አይደለም። እንዳበቃልኝ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለመውሰድ ነው።

የተጠባባቂዎቹ አዳራሽ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች አሉት፤ ስም የሚጠራው ከበሩ ሥር ነው፣ ያለ ማይክ። ሰብለ ፎርም ልታስሞላ ሄደች። ሰው ያወራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ የማንም ስም ይጠራል፤ እኔ በእያንዳንዱ ስም ከመቀመጫዬ እነሳለሁ። አንዱ ጎልማሳ «ሴትዮ፣ ቁጭ በይ እንጂ! አእምሮሽ ደህና ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሰዎች ሳቁ። ያኔ ከጎኔ የነበረች፣ ወንድሟን ልታሳክም የመጣች ሴት ካርዴን ከእጄ ወሰደችና ስሜን አነበበች። «እትዬ በለጡ፣ እርስዎ ይረፉ። እኔ እሰማልዎታለሁ» አለችኝ። እጄን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችው። የሷ ተራ ደርሶ ወንድሟን ብቻውን አስገባችው፤ የእኔ ስም እስኪጠራ ድረስ አልተነሳችም። ስሟን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃትም ያን ጊዜ አይያዝልኝም ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ የደከማት፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሰብለ ቆማ የፋብሪካውን ደብዳቤ አቀበለቻት።

«ወረቀት ብቻ ነው የምንፈልገው፣ ዶክተር። ሌላ ቦታ ታይታለች። የመርሳት በሽታ ነው።»

ሐኪሟ ደብዳቤውን ሳታነብ አስቀመጠችውና እኔን አየች። ያን ሁሉ ጊዜ ሐኪም ሲያየኝ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

«እናቴ፣ መቼ ነው የጀመረዎት?»

«ክረምት ላይ» አልኩ። ከንፈሬ ተጣብቆ ቃሉ በግድ ወጣ።

«አፍዎ ይደርቃል?»

«ይደርቃል።»

«ሆድዎስ? ይደርቃል?»

«ሳምንት ይቆያል።»

ወደ ሰብለ ዞረች። «ምን ምን መድኃኒት ነው የሚወስዱት?»

«እንትን... የሽንት አለ። የእንቅልፍም አለ መሰለኝ።»

«መሰለኝ አይሠራም። ነገ ቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ። አንድም እንዳታስቀሪ። ወረቀት ዛሬ አልሰጥም።»

ሰብለ ተናደደች። ፈቃድ እንደማታገኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ እዚያ ድረስ ሁለት ታክሲ እንደሆነ ነገረቻት። ሐኪሟ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራች።

በማግስቱ ፌስታሉን ጠረጴዛዋ ላይ ገለበጠችው። ሦስቱን እንክብል ለየች፣ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠች።

«ይህ ለፊኛ፣ ይህ ለአለርጂ፣ ይህ ለእንቅልፍ ብለው የሰጧቸው ነው። ሥራቸው የተለያየ ይመስላል፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋሉ። አካልን ያደርቃሉ። አንጎል ውስጥ ደግሞ ሰው ሐሳቡን አንድ ነገር ላይ እንዲያቆይ የሚረዳውን ኬሚካል ይከለክላሉ። ለወጣት አንዱ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ሦስቱን አንድ ላይ፣ በየቀኑ...» አልጨረሰችውም።

«ዕድሜ ነው ብለውን ነበር» አለች ሰብለ። ድምፅዋ ተለውጧል።

«ዕድሜ የራሱ ድርሻ አለው። ሰው እየገፋ ሲሄድ የማይፈልገውን ድምፅ፣ የማይፈልገውን ነገር ከሐሳቡ ማስወጣት ይከብደዋል። ይህ የሁላችንም ነው። ግን ቀስ እያለ፣ በዓመታት ነው የሚመጣው። ሰው በጥቂት ወራት እንዲህ ሲሆን ዕድሜ ነው አይባልም። ምን ተለወጠ ተብሎ ይጠየቃል።»

ሁለቱን እንድተው፣ የማታውን ግን በአንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ እንድቀንስ አዘዘች። እናንተም በራሳችሁ ፈቃድ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ሲቆም የሚጎዳ መድኃኒት አለ። የመርሳት በሽታ በእርግጥ ያለበት ሰውም አለ፤ ሁሉም እንደ እኔ ይድናል አልላችሁም። የምላችሁ ፌስታሉን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ሐኪም አሳዩ ነው። ከመድኃኒት ቤት ያለ ወረቀት የተገዛውንም።

መጀመሪያ የመጣው ምራቄ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ዳቦ ያለ ውሃ ዋጥኩ። ለሽንቱ ነርስ ያስተማረችኝን እንቅስቃሴ እሠራለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ባይተወኝም እቋቋመዋለሁ። በአምስተኛው ሳምንት ሰብለ ስለ ሥራዋ አንድ ረጅም ነገር ስታወራኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደሰማኋት፣ መሀል ላይ የጠቀሰችውን ሰው ስም እንደያዝኩ አወቅሁ። እንደ አርባ ዓመቴ አልሆንኩም፤ ቴሌቪዥን ካለ ሰው ማናገር አልችልም፣ አጠፋዋለሁ። ግን ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ላይ የነበርኩት ሴት ሆንኩ።

መዳን ደስታ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤ ሲሰበሰብ ግን እነዚያ ቁርጥራጮችም ተሰበሰቡ። የምንትዋብ ቀዳዳ ጨርቅ፣ የደረቅ እንጨት ድምፅ፣ የእሑዱ ስልክ፤ አንድ በአንድ፣ ጥርት ብለው መጡ።

«ለአክስትሽ በስልክ ያልሽውን ሰምቼዋለሁ» አልኳት ሰብለን አንድ ቀን ልብስ ስናጥፍ።

ልብሱን አስቀመጠች። አልካደችም። «ይቅርታ፣ እማዬ» አለች። ልብሱን መልሳ አነሳችና «ግን ያን ቀን ከልቤ ነበር» አለችኝ። ልጄን በእውነቷ አከበርኳት። ይቅር አልኳት፤ ያለችው ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ፋብሪካው ሄድኩ። የሐኪሟን ወረቀት ይዤ ነበር፤ መዳኔን የሚናገረውን። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፣ አስቀመጠኝ። «እስኪ» አለና ምንትዋብ የጨረሰችውን አንድ ጥቅልል መስታወቱ ላይ አስጎተተልኝ። አምስት ቦታ አቆምኩት። አምስቱም ላይ ምንትዋብ ምልክት አላደረገችም። ምንትዋብ ቆማ ወለሉን ታያለች።

«እትዬ በለጡ፣ ዓይንሽ ተመልሷል» አለኝ ኃላፊው። «ግን ደብዳቤው ተፈርሟል። ሰው ደግሞ... ሰው ያወራል። ያ የመርፌ ነገር ተሰምቷል።»

በበሩ ስወጣ ጥበቃው «እማማ፣ ቻው» አለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት የገባሁበት በር ነው።

አሁን ታደሰን የምትወጋው ሰብለ ናት። መርፌ መፍራቷን ተወች። እኔ ገላውን አጥበዋለሁ፣ ቁስሉን እጠርግለታለሁ፣ እራቱን አቀርብለታለሁ፤ ሁሉንም ይቀበለኛል። ስለዚያ ረቡዕ ዳግመኛ አንስቶብኝ አያውቅም። ሐኪሟ ያለችውን ሰብለ በዝርዝር ነግራዋለች። «ኪኒኑ ነው፣ አባዬ፣ እሷ አይደለችም» አለችው። «ገብቶኛል» አለ።

ባለፈው ወር አንድ ማታ መንገድ ተዘጋግቶ ሰብለ ቀረች። አሥራ ሁለት ተኩል አለፈ፣ አንድ ሰዓት ሆነ። እትዬ አስካለ አልነበሩም። ደወልኩላት፤ «እማዬ፣ አንቺ ውጊው በቃ፣ ገና ሩቅ ነኝ» አለችኝ። ስልኩን ለታደሰ በስፒከር አሰማሁት። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። በሩን ዘጋሁ። ብልቃጡን በሁለት መዳፌ አሻሸሁ፣ መርፌውን በመብራት እያየሁ ሞላሁ፣ የሞላሁትን ጮክ ብዬ ነገርኩት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ሸሚዙን አልገለጠም።

«እንጠብቃት» አለ።

«እራትህ ይቀዘቅዛል እኮ፣ ታደሰ።»

«አልራበኝም።»

ርቦት ነበር። ጉሮሮው ሲወርድ ሲወጣ አየሁት። የሸሚዙን ጫፍ በግራ እጁ ጨብጦ ወደ ታች ወጥሮታል፤ የጣቶቹ አንጓ ነጥቷል። እንዳላይበት ብርድ ልብሱን በቀኝ እጁ ጎተት አደረገና ሸፈነው። ደግ ሰው ነው፤ እንዳላዝን ብሎ ነው። ያን ሁሉ አየሁ። መርፌውን ክዳኑን ገጥሜ አስቀመጥኩ፣ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

ሰብለ ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገባች። ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ስልኩን በአንድ ጆሮዋ ይዛ የመሥሪያ ቤት ሰው እያናገረች፣ አዲስ መርፌ ቀድዳ ሞላች። ታደሰ ስንት እንደሞላች አልጠየቃትም። ሸሚዙን ገለጠላት።